የአፈር ካርታው ለአርሶ አደሩ ሲነበብ

ደብረ ማርቆስ፦ በጮቄ ተራራ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች ገብስ ይሰጥ የነበረ ማሳ ምርቱ ሲያሽቆለቁልና ለእንግዶ ብቻ ሲቀር አርሶ አደሩ መሬቱ መድከሙን ያውቃል። በዓይን የማይታየው ምክንያቱ ነው። ከዋና ዋናዎቹ አንዱ የአፈር አሲዳማነት ነው።

ዝናብ ካልሲየምን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮችን አጥቦ ሲወስድ፣ አገዳውም ከማሳ ሲነሳ አፈሩ እየቆየ አሲዳማ ይሆናል። በዚህ ጊዜ በማዳበሪያ የሚጨመረው ፎስፈረስ በአሉሚኒየምና በብረት ይታሰራል፤ ለማዳበሪያ የወጣው ገንዘብም ሰብሉ ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል።

ለዚህ የሚረዳ መረጃ አለ። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2004 ዓ.ም. በጀመረው የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት አማካኝነት የአፈር ናሙና ተወስዶ የለምነት ካርታ በየወረዳው ተዘጋጅቷል። ይሁን እንጂ ለባለሙያ የተሠራ ካርታ አርሶ አደሩ እጅ ሲገባ ሦስት እንቅፋት ይገጥመዋል።

የመጀመሪያው ቁጥር ነው። አሲዳማነት የሚለካበት ፒኤች ቁጥሩ ባነሰ መጠን ችግሩ ይብሳል። 4.5 የሆነ አፈር 5.5 ከሆነው በአሥር እጥፍ አሲዳማ ነው፤ የአንድ ነጥብ ልዩነት ግን ለማያውቀው ሰው ኢምንት ይመስላል። ሁለተኛው ቀለም ነው። ካርታው አሲዳማውን ቦታ በቀይ ካሳየ “ቀይ አፈር” ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ሦስተኛው መስፈሪያና ስያሜ ነው። ምክሩ በሄክታር ይጻፋል፤ አርሶ አደሩ ግን ሩብ ሄክታር ገደማ በሆነው ቃዳ ይቆጥራል። ለሄክታር 20 ኩንታል ኖራ የተባለው ለአንድ ቃዳ 5 ኩንታል መሆኑ ካልተነገረው ወይ ያንሳል፣ ወይ ይባክናል። ባለሙያው ቨርቲሶል የሚለውን አርሶ አደሩ ዋልካ ይለዋል።

የስያሜው ጉዳይ የቢሮም ጉዳይ ነው። የአፈር፣ የዝናብና የዘር መረጃዎች በየተቋሙ በተለያየ ስም ከተመዘገቡ ኮምፒዩተር አንድ ላይ ሊያያይዛቸው አይችልም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት አግሮቮክ የተባለውን የግብርና ቃላት መዝገብ በብዙ ቋንቋዎች ያዘጋጀው ለዚሁ ነው፤ አንዱ ነገር በየቋንቋው ቢጠራም አንድ መለያ ይኖረዋል።

ማንበብ ለማይችልም መንገድ አለ። በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የ8028 የስልክ መስመር ቁልፍ በመጫን ብቻ የግብርና ምክር በድምፅ ያሰማል።

ካርታ ግን ግምት ነው። ናሙና ባልተወሰደባቸው ቦታዎች ያለው ውጤት በስሌት የተሞላ በመሆኑ የአንድ አርሶ አደር ሁለት ማሳዎች እንኳ ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ ኖራ ከመግዛት በፊት የማሳውን አፈር ማስመርመር ይገባል።

የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ካርታውን በቀበሌ ከፍለው፣ ቀለሙን በአገሬው ቃል ገልጸው፣ መጠኑን በቃዳ ጽፈው ቢለጥፉት ወጪው ብዙ አይደለም። መረዳቱ የሚፈተነውም በአንድ ጥያቄ ነው፦ ይህን ያየ አርሶ አደር ነገ ማሳው ላይ ምን እንደሚያደርግ መናገር ይችላል?