ድራይቩ ዲቪዲ አላነብ ሲል

መርሳና ወልድያ አካባቢ በየቤቱ ከተቀመጡት የመንዙማና የደዕዋ ዲስኮች መካከል ሌላ ኮፒ የሌላቸው አሉ። ወደ ፍላሽ ልንገለብጣቸው ስንል ድራይቩ አላነብ ይላል። ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ የዲስኩ አይደለም።

መጀመሪያ ሲዲ አስገብተን እንሞክር። ድራይቩ ለሲዲ 780 ናኖሜትር የሆነ ዓይን የማያየው ጨረር፣ ለዲቪዲ ደግሞ 650 ናኖሜትር የሆነ ቀይ ጨረር ይጠቀማል። ስለዚህ ሲዲ እያነበበ ዲቪዲ ቢተው አይግረመን፤ የዲቪዲው ጨረር ብቻውን ደክሞ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሦስት ዲቪዲ ስንቀያይር ሁሉንም እምቢ ካለ ችግሩን ከድራይቩ እንፈልግ፤ አንዱን ብቻ ከሆነ ከዲስኩ። (ድራይቩ ፊት ላይ የዲቪዲ ምልክት መኖሩንም ማየት ነው፤ አንዳንድ አሮጌ ኮምፒውተር ከነጭራሹ ከሲዲ ሌላ አያነብም።)

ፋይሎቹ እየታዩ ቪዲዮው ካልከፈተ ድራይቩ ደህና ነው። ዊንዶውስ 10 የዲቪዲ ማጫወቻ ይዞ አይመጣም፤ ቪኤልሲ መጫን ይበቃል።

ዲስኩን በለስላሳ ንጹሕ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር እንጥረገው። መረጃው የተጻፈው ዙሪያውን ስለሆነ፣ እያዞሩ ማሸት ጭረቱን በመስመሩ ላይ ያስኬደዋል። በጥርስ ሳሙና ማሸቱም ይቅርብን።

አንዴ ካነበበ፣ ለማየት ከመቀመጣችን በፊት እንገልብጠው፤ የደከመ ድራይቭ ነገ ላያነብ ይችላል። አንዱ ኮምፒውተር እምቢ ያለውን ሌላው ሊያነበው ስለሚችል፣ በጓደኛ ላፕቶፕ ሳንሞክር ዲስኩን አንጣል።