የበልግ ድንችን ከክረምት በሽታ ለማስመለጥ

በንፋስ መውጫና በዙሪያዋ ባሉት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ደጋዎች ሰኔና ሐምሌ ጎተራ የሚራቆትባቸው ወራት ናቸው። ያለፈው ዓመት እህል አልቋል፤ አዲሱ ገብስ ገና ቡቃያ ነው። ይህን ክፍተት ከሚሞሉት ሰብሎች አንዱ በየካቲትና በመጋቢት ተተክሎ በክረምት መግቢያ የሚደርሰው ድንች ነው። ስለዚህ በበልግ ድንች ላይ የሚደርስ በሽታ የሚያጠፋው ለገበያ የሚቀርበውን ምርት ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡን የክረምት ቀለብ ጭምር ነው። የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከመትከያ እስከ መጋዘን ሊከታተሏቸው የሚገቡትን ዋና ዋና ነጥቦች ከዚህ በታች እናቀርባለን።

ድንች ወደ አገራችን የገባው በ1858 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር ባመጣው ዘር እንደሆነ ይታወቃል። ከዚያ 13 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1845 እ.ኤ.አ.፣ ሌት ብላይት የተባለው በሽታ የአየርላንድን ድንች መትቶ ባስከተለው ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አልቋል። ዛሬ በደጋችን ድንች ላይ ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው ይኸው በሽታ ነው።

ውርጭ ነው ወይስ በሽታ?

ቅጠሉ ሲጠቁር አንዳንዱ ገበሬ «ውርጭ መታው» ወይም «ምች መታው» ብሎ ይተወዋል። ሁለቱን መለየት ግን አስቸጋሪ አይደለም። ውርጭ ጥርት ባለ ሌሊት ይወርዳል፤ በማግሥቱም በተለይ በረባዳው ቦታ ያለውን ተክል በአንድ ጊዜ ያጠቁረዋል። ሌት ብላይት ግን በደመናና በዝናብ ወቅት በጥቂት ተክሎች ላይ ውኃ የነካው በሚመስል ነጠብጣብ ይጀምራል፤ ነጠብጣቡ እየሰፋ ይጠቁራል። በማለዳ፣ ጤዛው ሳይደርቅ፣ ቅጠሉን ገልብጦ ያየ ሰው በቁስሉ ዳር ነጭ ሻጋታ ያገኛል። አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ሆኖ ከቆየ ዘሩ በነፋስ እየተበተነ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ማሳውን በሙሉ ሊያወድም ይችላል።

የመትከያ ጊዜና ዘር

የበልግ ድንች ጥቅሙ ዕድሜውን በአብዛኛው በደረቁ ወራት መጨረሱ ነው። እጅግ ቀድሞ ቢተከል ውርጭ ያገኘዋል፤ ቢዘገይ የሰኔ ዝናብ ሳይደርስ ይይዘዋል። ስለዚህ የውርጩ ጊዜ እንዳለፈ፣ መስኖ ወይም በቂ እርጥበት ባለበት ማሳ፣ ሳይዘገዩ መትከል ያስፈልጋል። ጊዜ ለማትረፍ የሚረዳው አጫጭርና ጠንካራ ቡቃያ ያበቀለ ዘር ነው፤ እንዲህ ያለው ዘር ቶሎ ይበቅላል። በመስመር መካከል 75፣ በተክል መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ቢጠበቅ ለኩትኳቶም፣ ለአየር ዝውውርም ይበጃል።

ብዙ ገበሬ ትልልቁን ሸጦ ወይም በልቶ ጥቃቅኑን ለዘር ያስቀራል። ጥቃቅን ድንች ግን ብዙ ጊዜ የታመመ ተክል ፍሬ ነው፤ በክሽክሽ የሚተላለፉ የቫይረስ በሽታዎችም በዚህ መንገድ ከዓመት ዓመት ይከማቻሉ። የሚሻለው ድንቹ ሲያብብ በማሳው ዞሮ ጤናማና ጠንካራ በሆኑት ተክሎች አጠገብ እንጨት መትከል፣ ዘሩንም ከእነርሱ ብቻ ለይቶ ማውጣት ነው።

ከአዴት የወጡት ዘንገናና ጓሳ፣ ከሆለታ የወጡት ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ ሲለቀቁ በሽታውን ከአካባቢው ዘር ይልቅ በመቋቋም ተመርጠው ነው። ይሁን እንጂ በሽታው ራሱ ይለዋወጣልና የዝርያ መቋቋም ለዘለዓለም አይዘልቅም። የተሻሻለ ዘር የተከለ ገበሬም ማሳውን መጎብኘት አይተው።

አጠውልግ

ሁለተኛው ጠላት አጠውልግ ነው። ተክሉ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ፣ መሬቱም ውኃ ሳያጣ ይጠወልጋል። ለማረጋገጥ ከግንዱ ሥር ጥቂት ቆርጦ ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ማንጠልጠል ይበቃል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወተት የመሰለ ክር ከቁራጩ ከወረደ አጠውልግ ነው። ይህን በሽታ የሚፈውስ መድኃኒት የለም። የታመመውን ተክል ከነድንቹ ነቅሎ ከማሳ ማራቅ፣ በዚያ መሬት ቢያንስ ለሦስት ዓመት ድንች፣ ቲማቲምና ቃሪያ አለመትከል፣ በምትካቸውም ገብስ ወይም ስንዴ መዝራት፣ በራሱ የበቀለውንም ድንች መንቀል ይገባል። ከዚያ ማሳ ለዘር የሚሆን አንድም ድንች አይወሰድ።

የመድኃኒት አጠቃቀም

ማንኮዜብ ቅጠሉን ከላይ ይሸፍናል እንጂ የገባውን በሽታ አያወጣም። ስለዚህ የሚረጨው ዝናቡ ሲጀምር፣ በሽታው ሳይስፋፋ ነው። ሪዶሚል ወደ ተክሉ ውስጥ ይገባል፤ ግን በተደጋጋሚ ብቻውን ከተረጨ በሽታው ይለምደዋልና ከማንኮዜብ ጋር ማፈራረቅ ያሻል። መጠኑና ከመጨረሻው ርጭት እስከ አዝመራ ያለው የቀን ብዛት በማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው ይሁን። የሚረጨው ሰው አፍና አፍንጫውን፣ እጁንም ይሸፍን፤ ነፋስ በበዛበት ሰዓት አይርጭ። የመድኃኒት ዕቃ የውኃ ወይም የእህል መያዣ እንዳይሆን አጥብቀን እናሳስባለን።

ከአዝመራ እስከ መጋዘን

ለአዝመራ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀር አገዳው ይታጨድ። ይህ የድንቹን ልጣጭ ያጠነክራል፤ በቅጠል ላይ ያለውም በሽታ ወደ ድንቹ እንዳይወርድ ያግዛል። ለዘር የተመረጠው ብርሃንና ነፋስ በሚገባበት፣ ዝናብና ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው የቆጥ መጋዘን ሁለት ወይም ሦስት ድርብ ብቻ ሆኖ ይሰጣ። ብርሃን ያረነገደው ድንች መርዝነት ስላለው ለዘር እንጂ ለምግብ አይሆንም፤ የሚበላው በጨለማ ይቀመጥ።

በጎረቤት ማሳ የተያዘ ድንች ለሁሉም ጠንቅ ነው። በሰኔ የታመመው የበልግ ድንች አጠገቡ የሚበቅለውን የክረምት ድንች ይበክላል። ስለዚህ ማኅበራት ሁለቱ የሚራራቁበትን ቦታ አስቀድመው እንዲወስኑ፣ የዘር ማሳ የሚጎበኝ ኮሚቴ እንዲመርጡ፣ ከገበያ የተገዛ ምንጩ ያልታወቀ ድንች ለዘር እንዳይከፋፈል እንዲከላከሉ እንመክራለን። የልማት ሠራተኛውም ከግንቦት አጋማሽ ጀምሮ በየሳምንቱ ማሳ ወርዶ ቅጠል ገልብጦ ይመልከት። በሽታው በጥቂት ተክሎች ላይ ሳለ ከተገኘ የአንድን ቤተሰብ የክረምት ቀለብ ማዳን ይቻላል።