የራስ ተፈሪ ቤትና የየቤታችን አደራ

ከጅጅጋ ተነሥቶ የካራማራን ተራራ አቋርጦ በባቢሌ በኩል የሚጓዝ ምእመን፥ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ሐረር ይደርሳል። ብዙው መንገደኛ ገበያውን ገብይቶ፥ መድኃኔ ዓለምን ተሳልሞ ይመለሳል። እኛ ግን በጀጎል ግንብ ውስጥ አንድ ቤት ሳያዩ እንዳይመለሱ አንባብያንን እንመክራለን፤ እርሱም የከተማው ሕዝብ እስከ ዛሬ «የራስ ተፈሪ ቤት» የሚለው ነው።

ይህ ባለ ፎቅ ቤት የህንድ ነጋዴ ያሠራው ሲሆን፥ መግቢያው በተቀረጸ እንጨት ያጌጠ ነው። ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡት ደጃዝማች ተፈሪ መኮንን በ1902 ዓ.ም. በሐረር ተሾሙ፤ በ1903 ዓ.ም. ወይዘሮ መነንን አግብተው የሙሽርነታቸውን ወራት በዚህ ቤት እንዳሳለፉ ይነገራል። አባታቸው ራስ መኮንን ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ሐረርን ያስተዳደሩ፥ በቁልቢ የቅዱስ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ፥ በ1898 ዓ.ም. በዚያው በቁልቢ ያረፉ ናቸው። የጅጅጋን ከተማ በፕላን ያሠሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም በልጅነታቸው እኒህን ራስ ተከትለው ዐድዋ ዘምተዋል። ስለዚህ የዚህ ቤት ታሪክ ለጅጅጋ ሰው ባዕድ አይደለም።

ዛሬ ቤቱ ሙዚየም ነው። አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የተባሉ የሐረር ተወላጅ በመኖሪያ ቤታቸው ያከማቹትን ቅርስ፥ መንግሥት በ1990ዎቹ መጨረሻ ይህን ቤት በሰጣቸው ጊዜ ወደዚህ አዛወሩት። ከ1,000 በላይ የብራናና የወረቀት የእጅ ጽሑፎች፥ የጥንት ገንዘብ፥ ሰይፍ፥ ስፌት፥ ልብስና የድምፅ ቅጂ በውስጡ ይገኛል። የተቀዳደደውን መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል እየጠገኑ የሚደጉሱትም እርሳቸው ናቸው። የክርስቲያን መስፍን ቤት የእስላም ጎረቤቶቻችንን መጻሕፍት ሲጠብቅ ማየት መልካም ትምህርት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ ከዚያ ሀብት ብዙው የተገኘው ከተራ ቤተሰቦች ሣጥንና መደርደሪያ ነው። ባለቤቶቹ ቢሸጡት ወይም ቢጥሉት ኖሮ ዛሬ የሚታይ ባልኖረ ነበር። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በጅጅጋ አብያተ ክርስቲያናት በተቃጠሉ ጊዜ፥ በብዙ ዘመን የተሰበሰበ ነገር በአንድ ቀን እንዴት እንደሚጠፋ በኀዘን አይተናል። እሳት የበላውን ማንም አይመልሰውም፤ በእጃችን የቀረውን ግን መጠበቅ እንችላለን።

እንግዲህ እናቶችና አባቶች ሆይ፥ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ይህን ቤት ጎብኙ። ስትመለሱም የየቤታችሁን ሣጥን ክፈቱ። የአያት ዳዊት ቢገኝ ከእርጥበትና ከጢስ አርቃችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ ለቅርስ ነጋዴም አትስጡት። በአሮጌው ፎቶግራፍ ጀርባ የሰዎቹን ስምና ዘመኑን ጻፉ። ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ መስቀሉ ከማን እንደ ተወረሰ ጠይቃችሁ ለልጆቻችሁ ንገሩ። አደራ የተቀበለ ሰው አደራውን ለተከታዩ ማስረከብ ይገባዋልና።