«ፍሮስት» ስለሚባለው ቃል፤ በጀርማኒክ ቋንቋዎች ድምፁና ትርጉሙ

በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጨረሻውን ክፍል በምማርበት ጊዜ፣ በጀርመንኛ የተጻፈ አንድ ገጽ የወባ ማስታወቂያ ወደ አማርኛ እንድመልስ ታዘዝሁ። ወረቀቱ ቈላ ውስጥ ባለ አንድ ክሊኒክ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነበር። በሽታው በምን እንደሚጀምር በሚናገረው ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ሹተልፍሮስት» የሚል ቃል አገኘሁ። የቃሉ ፊተኛ ክፍል «ማንቀጥቀጥ» ማለት እንደ ሆነ ዐውቅ ነበር። ኋለኛውን ክፍል ግን ከእንግሊዝኛው «ፍሮስት» ጋራ አንድ አድርጌ፣ «በሽታው በሚያንቀጠቅጥ ውርጭ ይጀምራል» ብዬ ጻፍሁ። የክሊኒኩ ነርስ ወረቀቱን ተመልክተው፣ «ልጄ፣ በዚህ ቈላ ውርጭ ወርዶ ያውቃልን?» አሉኝ።

ነገሩ ቢያስቅም አደጋ ነበረበት። የቈላ ሰው ያንን አንብቦ ወባን የደጋ በሽታ አድርጎ ቢገምት፣ በታመመ ጊዜ ወደ ክሊኒክ ከመምጣት ሊዘገይ ይችል ነበር። ቃሉ የሚናገረው ግን በሽተኛውን ብርድ ብርድ እንደሚለውና መላ ሰውነቱን እንደሚያንቀጠቅጠው ብቻ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ በልቤ ቀረ፤ ይኸውም፣ ከአንድ አባት የተወለዱ ቋንቋዎች በአንድ ቃል የተለያየ ነገር እንዴት ሊናገሩ ቻሉ? የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ ለዚሁ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው።

በመጀመሪያ የቃሉን ዘመዶች እንመልከት። እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛ፣ ሆላንድኛ፣ ዴንማርክኛ፣ ስዊድንኛ፣ ኖርዌይኛ፣ አይስላንድኛና ዪዲሽ ሁሉ የጀርማኒክ ቋንቋዎች ከሚባለው ቤተ ሰብ ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ ሆላንድኛ «ቮርስት» ሲል፣ የቀሩት ሁሉ «ፍሮስት» ይላሉ። የሆላንድኛው ልዩነት «ረ» ከአናባቢው ጋራ ቦታ በመለዋወጡ የመጣ ነው። ጥንታዊው እንግሊዝኛም «ፎርስት» እና «ፍሮስት» እያለ በሁለቱም መንገድ ይጽፈው ነበር። እንዲህ ያለው የቦታ ለውጥ በሌሎች ቃላትም ይታያል፤ ፈረስን ጀርመንኛ «ሮስ» ሲለው እንግሊዝኛ «ሆርስ» ይለዋል። ሆላንድኛ «ቮርስት» መስፍን ማለትም ይሆናል፤ ነገር ግን ይህ «ፊተኛ» ከሚል ሌላ ሥር የመጣ ስለ ሆነ፣ ድምፃቸው መግጠሙ ዘመዳሞች አያሰኛቸውም።

የድምፁ ታሪክ በሕግ የሚሄድ ነው። ያዕቆብ ግሪም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1822 ዓ.ም. እንደ ገለጸው፣ በቃል መጀመሪያ ላቲን «ፕ» ባለበት ስፍራ ጀርማኒክ «ፍ» ይላል። አባት በላቲን «ፓተር»፣ በእንግሊዝኛ «ፋዘር» ነው፤ ዓሣም በላቲን «ፒስኪስ»፣ በእንግሊዝኛ «ፊሽ» ነው። በዚሁ ሕግ የላቲኑ «ፕሩዊና»፣ ማለት አመዳይ፣ ከ«ፍሮስት» ጋራ በሥር ይገናኛል።

ሁለተኛው ሕግ ከዚህ ይረቅቃል። «ፍሮስት» መቀዝቀዝንና መርጋትን ከሚያመለክት ግሥ የወጣ ስም ነው። ግሡ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ፍሬኦሳን» ይባል ነበር፤ «የቀዘቀዘ» ለማለት ግን «ፍሮረን» ይሉ ነበር። በአንድ ግሥ ውስጥ «ስ» ስለምን ወደ «ረ» ተለወጠ? የዴንማርኩ ሊቅ ካርል ቬርነር በ1877 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ምክንያቱን አስረዳ። በጥንቱ ቋንቋ ጥብቀቱ ወዲያው ከ«ስ» በፊት ባለው ክፍለ ቃል ላይ ካልወደቀ፣ «ስ» ወደ «ዝ» ይለሰልሳል፤ ኋላም «ዝ» «ረ» ይሆናል።

የዛሬዎቹ ቋንቋዎች ይህን ውርስ በሦስት መንገድ ተካፈሉት። ሆላንድኛ ሁለቱንም ድምፆች ጠብቆ «ቭሪዘን»፣ «ቭሮር»፣ «ኸቭሮረን» ይላል። ጀርመንኛ በግሡ ሁሉ «ረ»ን አስፍኖ «ፍሪረን»፣ «ፍሮር»፣ «ገፍሮረን» አለ። እንግሊዝኛ ደግሞ «ረ»ን ትቶ «ፍሪዝ»፣ «ፍሮዝ»፣ «ፍሮዝን» አለ። በስሙ በ«ፍሮስት» ውስጥ ግን «ስ» በየትኛውም ቋንቋ አልተለወጠም፤ ከ«ት» ጋራ ተጣብቆ ስለሚገኝ ሊለሰልስ አልቻለምና።

ወደ ትርጉሙ ስንመለስ እንዲህ ያለ ሕግ አናገኝም። በአራተኛው መቶ ዓመት ኤጲስ ቆጶስ ዉልፊላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ጎትኛ መለሰ። ሐዋርያው ጳውሎስ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት በምዕራፍ 11 መከራውን ሲቈጥር ስለ ብርድና ስለ ራቁትነት ይናገራል፤ የጎትኛው ትርጉም ለብርዱ «ፍሪዩስ» የሚል ቃል ይሰጣል። ይህ ቃል ከ«ፍሮስት» ጋራ የአንድ ሥር ልጅ ነው፤ በዚህ ስፍራ ግን በሣር ላይ የሚታየውን ነጭ ነገር ሳይሆን፣ ራቁቱን የቀረ ሰው በገላው የሚሰማውን ያመለክታል።

በጀርመንኛ «ፍሮስት» የአየሩ ሙቀት ከዜሮ በታች መውረዱን ይነግራል፤ በማለዳ በሣር ላይ የሚነጣው ግን «ራይፍ» ይባላል። በሆላንድኛም «ቮርስት» እና «ረይፕ»፣ በዴንማርክኛም «ፍሮስት» እና «ሪም» እንደዚሁ ሥራቸውን ይከፋፈላሉ። እኛም በአማርኛ ውርጭንና አመዳይን ስንለይ የምናደርገው ይህንኑ የሚመስል ነው። እንግሊዝኛ ግን «ፍሮስት» በሚለው አንድ ቃል ሁለቱንም ይሸፍናል፤ አሜሪካኖችም በኬክ ላይ የሚቀባውን ስኳር «ፍሮስቲንግ» እስከ ማለት ደርሰዋል። የሕመሙን ብርድ ጀርመንኛ «ሹተልፍሮስት»፣ ስዊድንኛ ደግሞ ከዚያው ሥር «ፍሮሳ» ይሉታል። በዛሬው እንግሊዝኛ «ፍሮስት» ብቻውን ይህን ትርጉም አይሰጥም። እኔም የተሰናከልሁት በዚህ ላይ ነበር።

ስሕተት የሚመጣው በሕመም ስም ብቻ አይደለም፤ በቍጥርም ይመጣል። የአይስላንድ ሰው «ዐሥር ዲግሪ ፍሮስት» ቢል፣ ከዜሮ በታች 10 ሴንቲግሬድ ማለቱ ነው። የቀድሞ እንግሊዛዊ ያንኑ ቢል ግን የሚቈጥረው ውሃ ከሚረጋበት ከ32 ፋራናይት ወደ ታች ነውና፣ 22 ፋራናይት ማለቱ ነው፤ ይኸውም ከዜሮ በታች 5.6 ሴንቲግሬድ ያህል ነው። በ1911 ዓ.ም. ከሮበርት ስኮት የአንታርክቲክ ጓዶች ሦስቱ በክረምቱ ጨለማ ሲጓዙ ከዜሮ በታች 77.5 ፋራናይት ለክተዋል። በእንግሊዝ አቈጣጠር ይህ 109.5 ዲግሪ ፍሮስት ነው። ተርጓሚው ቍጥሩን እንዳለ ወስዶ «ከዜሮ በታች 109.5 ሴንቲግሬድ» ቢል፣ በምድር ገጽ ላይ ተለክቶ የማያውቅ ብርድ ይጽፋል፤ በ1983 ዓ.ም. በአንታርክቲክ በቮስቶክ ጣቢያ የተመዘገበው ታላቁ ብርድ እንኳ ከዜሮ በታች 89.2 ነውና። የነዚያ ተጓዦች ብርድ በትክክል ሲመለስ ከዜሮ በታች 61 ሴንቲግሬድ ያህል ነው።

በመጨረሻ አንድ አስደናቂ ነገር ልጨምር። በላቲን አመዳይ «ፕሩዊና» ሲባል፣ የጋለ ፍም «ፕሩና» ይባላል። በሳንስክሪትም «ፕሎሻቲ» የሚለው ግሥ «ያቃጥላል» ማለት ነው። ሊቃውንት እነዚህን ሁሉ ከ«ፍሮስት» ጋራ ወደ አንድ ሥር ይመልሷቸዋል። ብርድና እሳት በአንድ ቃል ሥር መገናኘታቸው እንግዳ ቢመስልም፣ የእኛ ገበሬ «ውርጭ ባቄላውን አቃጠለው» ሲል የሚናገረው ይህንኑ ነው። ይህ የቋንቋ ዝምድና አይደለም፤ የጠቈረ ቅጠል ያየ ዐይንና ብርድ የፈጀው ጣት በየአገሩ የሚሰጡት አንድ ምስክርነት ነው።

እንግዲህ የቃል ድምፅ ለሕግ ይገዛል፤ ትርጉሙ ግን በቃሉ የሚጠቀሙትን ሰዎች ኑሮ ተከትሎ ይሄዳል። አንዱ ቃሉን ለእርሻው፣ አንዱ ለሙቀት መለኪያው፣ አንዱም ለበሽተኛው አልጋ ወስዶታል። ስለዚህ እኛ ከአውሮፓ ቋንቋዎች የምንተረጕም ተማሪዎች፣ «ይህ ቃል የማን ዘመድ ነው?» ከማለት አስቀድመን «በዚህ ስፍራ ማን፣ ለማን፣ ስለ ምን ይናገራል?» ብለን ልንጠይቅ ይገባናል። በዚያ ክሊኒክ ግድግዳ ላይ በመጨረሻ የተለጠፈው ወረቀት «ሰውየውን ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ያንቀጠቅጠዋልም» የሚል ነበር። ውርጭ የሚል ቃል አልነበረበትም፤ የቈላውም ሰው አንብቦ ያለ አስተርጓሚ ተረድቶታል።