በአዲስ አበባ መካከለኛ ሰፈሮች ቤት መግዛትና ጎረቤት መሆን

«ሰፈር» የሚለው ቃል «ሰፈረ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፥ በመጀመሪያ ትርጉሙ ጦር ያረፈበትን ቦታ ያመለክታል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር መኳንንቱ በየተሰጣቸው ጉብታ ላይ ድንኳናቸውን ተክለው፥ ወታደሮቻቸውና ሎሌዎቻቸው በዙሪያቸው ስለ ሰፈሩ፥ የከተማዪቱ የቀድሞ ክፍሎች በአለቆቻቸው ስም ተጠሩ፤ ራስ መኰንን ሰፈርና ደጃች ውቤ ሰፈር የዚህ ምስክሮች ናቸው። ሌሎቹ በነዋሪዎቻቸው ሥራ እንደ ሠራተኛ ሰፈር፥ ወይም በመጡበት አገር እንደ ጎጃም በረንዳ ተሰይመዋል። የካዛንቺስ ስም እንኳ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው የጣሊያን ድርጅት ስም የመጣ ነው። ቀበሌና ወረዳ በየጊዜው ሲከለሉና ሲታጠፉ ሰፈር ግን በጽሑፍ የተወሰነ ድንበር ሳይኖረው ስሙን ይዞ ቈይቷል። ነዋሪው አድራሻውን ሲጠየቅ የወረዳውን ቍጥር ከማስታወሱ በፊት የሰፈሩን ስም መናገሩ የተለመደ ነው።

ይህ የአሰፋፈር ታሪክ በቤቶቹ አቀማመጥ ላይ ጎልቶ ይታያል። ባለርስቱ ዋናውን ቤት ይዞ፥ በግቢው ዳር ለሎሌ ወይም ለተከራይ የሚሆኑ ክፍሎችን በመደዳ ይሠራ ስለ ነበር፥ ባለጸጋውና ድኻው በአንድ በር ይወጡና ይገቡ ነበር። አብዛኛው ቤት ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ነው፤ ጭቃው ጭድ ገብቶበት ይቦካል፥ ጣራው ቆርቆሮ ነው። ቦታ ስለሚጠብ በብዙ ቤቶች ውስጥ የልጆች መኝታ የሚሆን ቆጥ ተሠርቷል። መጸዳጃው የጋራ፥ የውሃው ቧንቧ የጋራ፥ ብዙ ጊዜም ግድግዳው ራሱ የጋራ ነው። አንዱ ቤት ሲያስል ሌላው ይሰማል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሰፈር «ቤት ገዛሁ» የሚል ሰው በእርግጥ የገዛው ነገር ምን እንደ ሆነ መመርመር ተገቢ ነው፤ ነገሩ ከላይ እንደሚመስለው ቀላል አይደለምና።

በመጀመሪያ ሕጉን እንመልከት ቢባል፥ የከተማው ቦታ ሦስት ዘመን አልፎበታል። ዐፄ ምኒልክ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1907 ባወጡት ደንብ በአዲስ አበባ ያለ ቦታ በግል ሊያዝ፥ ሊሸጥና ሊወረስ እንዲችል ሆነ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዐሥርት ዓመታት የከተማው ሰፊ መሬት በጥቂት ባለርስቶች እጅ ሲከማች፥ የሚበዛው ነዋሪ ተከራይ ሆኖ ቀረ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን አዘዘ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 47 ግን የከተማን ቦታ በሙሉ የመንግሥት አደረገው፤ ለአንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ የሆነውን ትርፍ ቤት ሁሉ ወረሰ፤ የግል ኪራይንም ከለከለ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር ያልበለጠ ቤቶች ለቀበሌ ማኅበራት አስተዳደር ሲሰጡ፥ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ድርጅት ተሰጡ። የቀበሌው ኪራይ በመቀነሱና ለብዙ ዓመታት ባለበት በመቆየቱ፥ ባለአነስተኛ ገቢው ከከተማዪቱ እምብርት ሳይርቅ ለመኖር ቻለ፤ ቤቱን የሚያድስ ባለቤት ግን አጣ። ኪራይ በተከለከለበት ዘመን ሰው በቤቱ «ደባል» ያስገባ ነበር፤ ደባል በስሙ አብሮ ኗሪ ይባል እንጂ ብዙ ጊዜ ኪራይ ከፋይ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም።

ከዚህ የተነሣ በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ዐይነት ሰው ጎን ለጎን ይኖራል፤ ዋናው ቤት የቀረለት የቀድሞው ባለርስት ወይም ወራሹ፥ የቀበሌ ቤት ተከራይ፥ የተከራይ ተከራይ። ሦስቱም «ቤቴ» ይላሉ። ለሽያጭ የሚቀርበው ግን የመጀመሪያው ቤት ብቻ ነው።

የሽያጩ አካሄድ በአጭሩ ይህን ይመስላል። ደላላ ሻጭና ገዢን ያገናኛል፤ ዋጋ ከተቈረጠ በኋላ ቀብድ ይሰጣል፤ የይዞታ ማረጋገጫው፥ በተለምዶ «ካርታ» የሚባለው፥ ይመረመራል፤ ሻጩ ያገባ እንደ ሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ፥ ያላገባም እንደ ሆነ ይህንኑ የሚገልጽ ማስረጃ ይጠየቃል፤ በመጨረሻ ውሉ በውልና ማስረጃ ጽሕፈት ቤት ይፈረማል። ከሁሉ የሚያስቸግረው የወራሾች ቤት ነው። አባት ወይም እናት ሲሞቱ ቤቱ ሳይከፈል ይቀራል፤ አንዱ ልጅ በዋናው ቤት፥ ሌላዋ በጓሮው ክፍል ትቀመጣለች፥ ሦስተኛው በውጭ አገር ይኖራል፤ ካርታው ግን አሁንም በሟች ስም ነው። እንዲህ ያለው ቤት ለሽያጭ እስኪበቃ ድረስ በሽማግሌም በፍርድ ቤትም ብዙ ዓመት ሊወስድ ይችላል።

ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ስለ ደነገገ፥ በውሉ ላይ የሚጻፈው ሽያጭ የቤቱ ሽያጭ ነው። ነገር ግን ገዢ ሁሉ እንደሚያውቀው ክረምቱ ያጋደለው የጭቃ ቤት ያን ያህል ዋጋ የሚያወጣው በጭቃው አይደለም፤ የሚከፈለው ለቦታው ነው። በሕጉ የማይሸጠው በገበያው ከሁሉ ይልቅ ይወደዳል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 721 በውርስ ካልሆነ በቀር ነባር ይዞታ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ አዲሱ ባለይዞታ በሊዝ ሥርዐት እንዲይዘው ስላዘዘ፥ ሻጩ የነበረው መብትና ገዢው የሚያገኘው መብት አንድ ዐይነት አይደሉም። ልጅ የአባቱን ቦታ እንደ ነባር ሲይዝ፥ ባዕድ ያንኑ ቦታ በዘመን ተወስኖለት ይይዘዋል። የዘመድና የባዕድ ልዩነት በባላገር የርስት ሥርዐት የነበረውን ያህል ባይሆንም፥ በከተማ ሕግ ውስጥ በዚህ መልክ ተመልሶ መታየቱ ሊጤን የሚገባው ነገር ነው።

ፊርማው ሲያልቅ ግን ነገሩ እኩል መንገድ ላይ ነው። ገዢው ከሻጩ ከገዛው ሌላ ከጎረቤቶቹ የሚገዛው ነገር ይቀረዋል፤ ይህም በውል አይጻፍም። ካርታው የቦታውን ስፋት ይናገራል፤ የጣራው ጠፈጠፍ በማን ግቢ እንደሚወርድ፥ የጓሮው መተላለፊያ ለማን ለማን እንደ ተፈቀደ፥ የጋራው ግድግዳ ሲፈርስ ማን እንደሚያቆመው ግን አይናገርም። ይህን የሚያውቁት ከሁሉ በፊት በሰፈሩ የነበሩ አረጋውያን ናቸው። አዲሱ ባለቤት አሸንዳውን በሕጉ እንደ ተፈቀደለት አዙሮ ቢሠራ፥ ውሃው በጎረቤቱ መሠረት ላይ ከወረደ፥ ክርክሩ ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት ወደ ሽማግሌ መሄዱ አይቀርም፤ በዚያም የሚጠየቀው «ቀድሞ እንዴት ነበር?» የሚል ነው። ያን ጊዜ ካርታ ያለው ሰው ምስክር የሌለው ሆኖ ይገኛል።

የዚህ ሁለተኛው ግዢ ዋና በር ዕድር ነው። ዕድር የሰፈር ሰዎች ወርሃዊ መዋጮ እያደረጉ በሞት ጊዜ የሚረዳዱበት ማኅበር ሲሆን፥ ዳኛ፥ ጸሓፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ድንኳን፥ ወንበር፥ ድስትና ሳሕን በጋራ ያኖራል፤ ሰው ሲሞትም በጡሩምባ ያስነግር ነበር። የሻጩ የዕድር አባልነት ከቤቱ ጋር አይሸጥም። ገዢው ራሱ አመልክቶ፥ ነባሮቹ ላከማቹት ንብረት ድርሻ የሚሆን መግቢያ ከፍሎ ይመዘገባል፤ በብዙዎቹ ዕድሮች ደንብም ጥቅሙን ወዲያው አያገኝም። የገንዘቡ መጠን ግን ዋናው ነገር አይደለም። አዲስ ገቢው ተጠንቶ የሚታወቀው በሌላው ልቅሶ ላይ ነው፤ ድንኳን ሲተከል ካስማ ይዞ ከተገኘ፥ ሌሊቱን ከሐዘንተኛው ጋር ከተቀመጠ፥ «የገዛው ሰውዬ» መባሉ ይቀርና በስሙ ይጠራል። መዋጮውን በሰው እየላከ ራሱ የማይመጣ ባለጸጋ ቅጣት ይከፍላል፤ ቢከፍልም ሰፈርተኛ አይባልም።

የቀበሌ ቤት ተከራይ ሁኔታ የዚህ ተቃራኒ ነው። ቤቱን ሊሸጠው አይችልም፤ ያለ ፈቃድ ግድግዳ ሊያፈርስም ሆነ ክፍል ሊጨምር አልተፈቀደለትም፤ እንዳይፈርስበት ግን በየዓመቱ ይመርገዋል። ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያው ክፍል የኖረ፥ ልጆቹን በዚያ የዳረ፥ ወላጆቹን ከዚያ የቀበረ ሰው በወረቀት ተከራይ ነው፤ በዕድሩ ግን ዳኛ ሊሆን ይችላል፤ የድንበር ክርክር ሲነሣም የካርታው ባለቤት ምስክር አድርጎ የሚጠራው እርሱን ነው። ባለካርታውና ተከራዩ በሰፈሩ ውስጥ ያላቸው ሥልጣን በመዝገብ ካላቸው ጋር የተገላበጠ መሆኑን ያላስተዋለ ጥናት የከተማዪቱን ኑሮ በግማሽ ብቻ ያየ ነው።

ይህ ልዩነት በጉልህ የታየው ሰፈሮቹ ሲፈርሱ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲነሡ፥ እያንዳንዱ ነዋሪ የተስተናገደው በመዝገብ በተጻፈው መብቱ ነበር፤ ባለይዞታው ምትክ ቦታና ካሳ፥ የቀበሌው ተከራይ ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም ጋራ መኖሪያ ቤት የመግዛት ዕድል፥ ደባሉና የተከራይ ተከራዩ ግን የራሱ መብት የሌለው ሆኖ። ሕጉ የጎረቤትነትን ዋጋ ፈጽሞ አላየም ማለት ግን ትክክል አይሆንም። አዋጅ ቍጥር 1161/2011 ከቤቱ ግምት ሌላ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ እንዲከፈል ደንግጓል፤ ይህም ለባህል ጥናት ትልቅ ቁም ነገር ነው። ችግሩ ካሳው የሚሰላው ለሚነሣው ባለይዞታ መሆኑ ነው። ትስስር የአንድ ሰው ንብረት አይደለም፤ በሰፈሩ ትስስር እጅግ የበለጸገውም፥ ከላይ እንደ ተባለው፥ ብዙ ጊዜ ይዞታ የሌለው ነው።

ከተነሡት መካከል አንዳንዶቹ በከተማው ዳር ወዳሉት ጋራ መኖሪያ ቤቶች ከሄዱ በኋላም በቀድሞው ዕድራቸው ይቈያሉ፤ ለወርሃዊው ስብሰባም በሁለት ታክሲ ይመጣሉ። ሌሎቹ በአዲሱ ቦታ ከማያውቋቸው ጋር እንደ ገና ይመዘገባሉ። ሰፈሩ በሙሉ የተነሣበት ዕድር ግን የሚሰበሰብበት ስፍራ ስለማይኖረው፥ ገንዘቡን ለአባላት ሊያካፍል ይችላል። ገንዘብ ለመካፈል ይቀላል። ድንኳኑን፥ ድስቶቹንና የተቈጠሩትን ወንበሮች ማን ወስዶ የት እንደሚያኖራቸው የሚወስን ደንብ ግን በአብዛኛው የለም፤ ደንቡን የጻፉት ሰዎች ሰፈሩ ከእነርሱ በፊት ያልቃል ብለው አላሰቡም ነበርና።