ከቀብዱ እስከ ቻርጀሩ፦ አሰላ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ያዘዘ ሰው የሚሰማው ተረትና እውነታው

ጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ፣ ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ለምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ካሳወቁ ወዲህ፣ አዲስ መኪና ልግዛ የሚል የአሰላ ሰው ጥያቄው ተለውጧል። ድሮ «ቶዮታ ወይስ ሱዙኪ?» ነበር፤ አሁን «ዳገቱን ይወጣል ወይ? መቼስ ነው የሚደርሰው?» ሆኗል። መልሱን የሚሰጡት ደላላው፣ ጎረቤቱና አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ናቸው። ከሚሉት ውስጥ እውነት አለ፤ ሰውን ለዓመታት ጭቅጭቅ የሚዳርግም አለ። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የሚያስፈልገው ደግሞ ብሩ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት ነው።

«ቀብድ ከሰጠህ መኪናው ያንተ ነው»

ይህ ከሁሉም በላይ ሰው የሚጎዳበት እምነት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ይደነግጋል። ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ነገር ግን ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ቀብዱን ለቆ ከውሉ መውጣት ይችላል፤ የተቀበለውም እጥፉን መልሶ መውጣት ይችላል። እንግዲህ ቀብድ መኪናውን አያስርም፤ ለሁለቱም ወገን መውጫ በር ይከፍታል። የዶላር ዋጋ በጣም ከጨመረ እጥፉን ከፍሎ መውጣት ለሻጩ የሚያዋጣበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል።

ብዙ አስመጪዎች የሚያዋውሉት ግን «ቀብድ» ብለው ሳይሆን «ቅድመ ክፍያ» ብለው ነው። ቅድመ ክፍያ የዋጋው አካል ነው፤ የእጥፍ ነገር በራሱ አይመጣለትም። ሻጩ ሲዘገይ ገዢው የሚጠይቀው በውሉ መሠረት ነው፤ ውሉ ላይ ቀን ከሌለ ደግሞ መዘግየቱን ማስረዳት ራሱ ሌላ ክርክር ይሆናል። «መኪናው እንደደረሰ ይረከባል» የሚል ዓረፍተ ነገር ቀን አይደለም። ቀኑ በቁጥር ይጻፍ፤ ከዚያ ካለፈ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ የሚከፈለው መቀጫም ይጻፍ። ሕጉ ይህን ይፈቅዳል።

ሌላው ሰው የሚዘነጋው ማስጠንቀቂያ ነው። ቁጥር 1772 እንደሚለው፣ ሌላው ወገን ውሉን አልፈጸመም ብሎ ለመጠየቅ መጀመሪያ እንዲፈጽም ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ሳያስጠነቅቁ መጠየቅ የሚቻልባቸው ሁኔታዎች ቢኖሩም ጥቂት ናቸው። ስልክ እየደወሉ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» ሲባሉ መክረም ጊዜ መፍጀት ነው። ቀኑ ባለፈ ማግስት በጽሑፍ መጠየቅና ቅጂውን ፊርማ አስደርጎ መያዝ ግን ለዳኛም ለሽማግሌም የሚታይ ማስረጃ ነው።

ሻጩ «የውጭ ምንዛሪ ጠፍቶ ነው፣ ከአቅም በላይ ነው» ቢል ሕጉ ቀድሞ ሊታሰብ የሚችለውን ነገር ከአቅም በላይ ምክንያት አይለውም። የምንዛሪ ወረፋ በዚህ አገር አስመጪ የሆነ ሰው ሁሉ ከመዋዋሉ በፊት የሚያውቀው ነገር ነው።

«ጅቡቲ ገብቷል፣ በሳምንቱ ትረከባለህ»

ጅቡቲ መድረስ የመንገዱ መጨረሻ አይደለም። ከዚያ መኪናው ይጫናል፣ በብዛት ሞጆ ደረቅ ወደብ ይራገፋል፣ ትራንዚተሩ ዲክላራሲዮኑን ይዞ ጉምሩክ ይቀርባል፣ ቀረጡ ይከፈላል፣ ከዚያም ምርመራ፣ ሊብሬና ሰሌዳ አለ። አንዱ ወረቀት ከጎደለ ሌላው ሁሉ ይቆማል። ለአሰላ ሰው የሚያናድደው ሞጆ ለቤቱ ከአዲስ አበባ ይልቅ የሚቀርብ መሆኑ ነው፤ ቢሆንም ሰነዱ ሳያልቅ ከግቢው የሚወጣ መኪና የለም።

«ጅቡቲ ነው» ሲባል ገዢው መጠየቅ ያለበት የመጫኛ ሰነዱን ቅጂ ነው። በላዩ የመኪናው የሻንሲ ቁጥር አለ። በውሉ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ከተመሳሰለ መኪናው በእርግጥ ለእሱ የመጣ ነው። ውሉ ላይ የሻንሲ ቁጥር ጨርሶ ካልተጻፈ ግን ከመርከቡ የሚወርደው መኪና ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ሻጩ ብቻ ነው፤ ዘግይቶ መጥቶ የተሻለ የከፈለ ሰው ሊቀድም ይችላል።

እዚህ አገር የሚገጣጠም መኪና አይዘገይም የሚሉም አሉ። የአሰላው ልጅ ኃይሌ ገብረሥላሴ የሚመራው ማራቶን ሞተር የኤሌክትሪክ ሂዩንዳይ አዮኒክን አዲስ አበባ ላይ ገጣጥሞ ያሳየው በ2012 ዓ.ም. ክረምት ነበር፤ ዛሬ ገጣጣሚዎቹ በርክተዋል። በ2014 ዓ.ም. የወጣው የቀረጥ መመሪያም ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ለሚመጣ የኤሌክትሪክ መኪና ዜሮ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5 በመቶ፣ አልቆ ለሚገባ 15 በመቶ ቀረጥ ጥሎ ለመገጣጠም አበረታቷል። ይሁን እንጂ የተበተነውም ዕቃ የሚገዛው በዶላር ነው፣ የሚመጣውም በዚያው ባሕርና በዚያው ወደብ ነው። መገጣጠሙ ዋጋውን ሊያቀል ይችላል፤ ወረፋውን ግን አያስቀርም።

«ዋጋው ተቆርጧል» የሚለውም እንዲሁ በወረቀት መታየት አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ውሉ ዋጋውን በብር ቆርጦ ካላሰፈረና «በምንዛሪ ለውጥ አይጨምርም» ካላለ፣ ገዢው የመጠበቁንም የጭማሪውንም ሸክም ብቻውን ይሸከማል።

«ፉል ኦፕሽን ነው»

ትልቁ ስክሪን፣ ሳንሩፉ፣ ዙሪያ ካሜራው፣ በስልክ የሚከፈተው በር፣ በድምፅ የሚታዘዘው ረዳት፦ ሁሉም መኪናው ላይ አለ። ጥያቄው አሰላ ላይ ይሠራል ወይ የሚለው ነው። በአገራችን መንገድ ላይ በብዛት የሚታዩት መኪኖች ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። ካርታው የቻይናን መንገድ ያሳያል። በስልክ የሚታዘዘው ክፍል የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። የድምፅ ረዳቱ የሚሰማው ቻይንኛ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ባለሙያዎች የስክሪኑን ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ይለውጡ ይሆናል፤ ከፋብሪካው በኔትወርክ የሚላከው ማሻሻያ ግን ላይመጣ ይችላል። ካሜራው፣ ሳንሩፉና የወንበሩ ማሞቂያ ኔትወርክ አይፈልጉምና ይሠራሉ፤ የመጨረሻው ደግሞ ለብርዳማው የበቆጂ ማለዳ ጥሩ ነገር ነው።

ከሁሉም በላይ መጠየቅ ያለበት ዋስትናው ነው። የቻይና ፋብሪካ «ለባትሪው 8 ዓመት» ሲል ብዙውን ጊዜ በቻይና ውስጥ ማለቱ ነው። ለውጭ ገበያ ሳይታሰቡ፣ እዚያው አንድ ጊዜ ተመዝግበው «ዜሮ ኪሎ ሜትር የሄደ ያገለገለ» ተብለው የሚላኩ መኪኖችም አሉ። ዋስትናውን እዚህ የሚያከብረው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ጋራዥ፣ የሻጩ ማኅተም ባለበት ወረቀት ላይ ይጻፍ። የስሪት ዓመቱን ለማየት የሻንሲ ቁጥሩን አሥረኛ ምልክት መመልከት ይበቃል፦ በእንግሊዝኛው ፊደል አር 2024፣ ኤስ 2025 እ.ኤ.አ. ነው።

«የአሰላን ዳገት አይችለውም»

እዚህ ላይ ወሬው እውነታውን ገልብጦታል። በከፍታ ላይ የሚቸገረው የነዳጅ ሞተር ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ 2,400 ሜትር ላይ ባለችው አሰላ ሩብ ገደማው ሄዷል ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ መልካሳም በቆጂም ላይ ጉልበቱ ያው ነው።

ዳገቱ የሚነካው ባትሪውን ነው፤ እሱም የሚሰላ ነገር ነው። ከአዳማ ተነስቶ መልካሳ ላይ አዋሽን የተሻገረ መኪና ዴራን፣ ኢተያን፣ ጎንዴንና ቁሉምሳን አልፎ አሰላ እስኪገባ 900 ሜትር ያህል ይወጣል። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪናን ያን ያህል ከፍ ለማድረግ 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ 60 ኪሎዋት ሰዓት ከሚይዝ ባትሪ 8 በመቶው ነው። ጎንዴ ላይ የስክሪኑ ቁጥር ቶሎ ቶሎ ሲወርድ የሚደነግጥ ሹፌር ይህን ቢያውቅ ይረጋጋል። ዳገት የወጣ ሰው ሲወርድ ድካሙ አይመለስለትም፤ ይህ መኪና ግን ሲወርድ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላዩን ለባትሪው ይመልስለታል።

ለዚህም ነው ከአሰላ ወደ አዳማ የሚወርድ ሰው ባትሪውን መቶ በመቶ ሞልቶ ባይነሳ የሚመረጠው። የሞላ ባትሪ የሚመለሰውን የሚቀበልበት ቦታ የለውም፤ ቁልቁለቱ ሁሉ በፍሬን ሸራ ላይ ይወድቃል። 90 በመቶ ይበቃል።

በማስታወቂያው ላይ ያለውን «550 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ግን ማመን አይገባም። የቻይናው መለኪያ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ ሌላ ዓለም ነው። 60 ኪሎዋት ሰዓት የያዘ መኪና በመቶ ኪሎ ሜትር 17 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀም 350 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አዲስ አበባ ደርሶ አሰላ መመለስ እኮ 350 ኪሎ ሜትር ነው። እንግዲህ ደርሶ መልሱ መንገድ ላይ ወይም አዲስ አበባ ላይ ሳይሞሉ አይታሰብም። ሕዝባዊ ቻርጀር ላይ ከመቆም በፊት ደግሞ የመሰኪያውን ዓይነት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ለቻይና የተሠራውና ለአውሮፓ የተሠራው መኪና መሰኪያቸው አይገጥምም።

«ኢተያ የነፋስ ማመንጫ አለ፣ መብራት አይቸግርም»

በኢተያ አቅራቢያ የቆሙት ተርባይኖች 100 ሜጋዋት እንዲያመነጩ የተሠሩ ናቸው። የሚያመነጩት ግን ወደ ብሔራዊው መስመር ይገባል፤ የሰፈሩን ትራንስፎርመር አያበረታውም። መኪናው የሚኖረው ከዚያ ትራንስፎርመር፣ ከግቢው ቆጣሪና ከሽቦው ጋር ነው።

ብዙ ቤት መኪናው ገብቶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቻርጀሩ ሲሰካ ቀይ መብራት አብርቶ እንቢ ይላል። ሰው ቻርጀሩ ተበላሽቷል ብሎ ሻጩ ጋ ይደውላል። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው የመሬት ሽቦው ነው፤ ተንቀሳቃሽ ቻርጀሩ መሬት ካላገኘ ለደኅንነት ሲል ኃይል አይለቅም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው አጥሩ ሥር ርጥበት ያለበትን ቦታ መርጦ የመዳብ ዘንግ ይቀብርና ወፍራም ሽቦ እስከ ሶኬቱ ይስባል። ከዚያ አረንጓዴው ይበራል። ይህ የአንድ ቀን ሥራ ስለሆነ መኪናው ባሕር ላይ እያለ ማለቅ ይችላል። ለመኪናው የራሱ ብሬከርና የራሱ መስመር ይሠራለት፤ ከምጣዱ ጋር አንድ ሽቦ አይጋራ።

ጊዜውም ይሰላል። 3.5 ኪሎዋት የሚሰጥ ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ባዶውን ባትሪ ለመሙላት 17 ሰዓት ይፈጅበታል፤ በቀን 40 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ግን ሁለት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ማታ ሁሉም ቤት ምጣድ ሲጥድ መብራት ይደክማል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መሰካት ይሻላል። ዝናብ ላይ መሙላት ይገድላል የሚለው ወሬ መኪናውን አይመለከትም፤ አደጋው ጭቃ ላይ የተዘረጋ፣ በየቦታው የተቀጠለ ማራዘሚያ ሽቦ ነው።

ክፍያው ነጻ እንደማለት ነው የሚሉም አሉ። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በቤቱ ቆጣሪ ላይ ወደ 190 ኪሎዋት ሰዓት ይጨምራል፤ ሲሞላ የሚባክነውም ተቆጥሮ ነው። ብዙ የሚጠቀም ቤት የሚከፍልበት ታሪፍ ከፍ ያለ ነው፤ ታሪፉ ራሱ ደግሞ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተወስኗል። እንዲያም ሆኖ ከነዳጅ ይረክሳል፤ የቤቱን በጀት የሚያወጣ ሰው ግን ይህን መስመር አሁኑኑ ይጨምርበት።