የቀበሌ ኪነትና የኅብረት ዝማሬ

እዚህ ኡም ጋርጉር የተማሪዎች መዘምራን እናቋቁም ሲባል «እንደ ቀበሌ ኪነት?» ብሎ ፊቱ የሚጠቁር አይጠፋም። እውነት አለው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በኢትዮጵያ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቋመ። ወጣቶቹ ያለ ደመወዝ፣ ማታ ማታ በቀበሌ አዳራሽ ይለማመዱ ነበር፤ ግጥሙ ግን አብዮቱንና ጦርነቱን አወድሱ የሚል ነው። ከዚያው ጦርነት የሸሸ ሰው እንዴት ይወደዋል?

ሙያው ግን ሌላ ነገር ነው። ኖታ ለማያነብ ሰው አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ድምፁ እስኪገጥም ይደጋገማል። በክፍለ ሀገር ደረጃ ከነበሩት ቡድኖች እነ ማሪቱ ለገሠ ከወሎው ላሊበላ፣ እነ ይሁኔ በላይ ከጎጃሙ ግሽ ዓባይ ወጥተዋል። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ የቀበሌዎቹ አብዛኞቹ ተበተኑ።

እናንተ መምህራን፣ ከበሮ ባይኖር ጭብጨባ አለ። ግጥሙን ግን ልጆቹ ራሳቸው ይጻፉት።